መቶ አስራ አንድ ትንፋሽ

ይድረስ ለአባዬ፤

እንዴት ሰነበትክ? ትንፋሽህስ? አሁን ደረጃው ላይ ስንቴ ታርፋለህ? እናቴን ስጠይቃት «እሱ ምን ይሆናል» ብላ ወሬ ትቀይራለች። የሳክስፎኑ ሳጥን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ እንደወጣ ግን ነግራኛለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬም ደህና ነው፤ ለኛ ሙያ ጤና ማለት እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ትዘጋብኛለህ። ትዘጋብኝ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ ማለቴ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ስቱዲዮዬ መጥተህ የነፋኸውን አልረሳኸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳታቋርጥ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። እዚያ ድምፅ በዓይን ይታያል፤ ዜማህ ተራራ ተራራ፣ በመሃሉ ትንንሽ ጉብታ። ጉብታው ትንፋሽህ ነው። አንድ በአንድ ቆረጥኩት። መቶ አስራ አንድ። በሁለተኛው ዙር የምትፈጥነውንም ከማሽኑ ቆጠራ ጋር አሰለፍኩት። ያኔ ሁሉም ሰው እንደ መስታወት የጠራ ነገር ነበር የሚፈልገው። ስጦታ የሰጠሁህ መስሎኝ ነበር።

ልትሰማው ተመልሰህ ስትመጣ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አድርገህ እስከ መጨረሻው ሰማህ። ከዚያ በሙዚቀኞቹ ፊት «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?» አልክ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም። ሳጥንህን ዘግተህ ወጣህ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣህም።

አያቴ ሳክስፎንህን «ቱቦ» ይለው እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ኮምፒውተሬን «የልብስ ስፌት መኪና» አልከው። ባለፈው ወር ልጄ የምትሰማውን ሰምቼ «ይሄ ዘፈን ነው የበር ደወል?» ስላት አፌ ውስጥ ያንተን ድምፅ ሰማሁት። ደነገጥኩ። ትንሽም ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንዲት ወጣት ዘፋኝ መጣች፤ ድምቢጥ ይሏታል። የቆዩ ሥራዎች ሳሰማት ያንተ ላይ ደረስን። በሙያችን ዋናው ቅጂ አይነካም፤ የሚቆረጠው ግልባጩ ነው። ስለዚህ ዋናው አለ፣ ከነትንፋሹ። በስህተት የከፈትኩት እሱን ነበር። በስህተት ይሁን፣ እንጃ። ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ። «ኧረ በናትሽ ተይው! ሰውየው እኮ አጠገቤ ነው ያለው!» አለች። የሷ እኩዮች የጠራ ነገር ሰልችቷቸዋል። ትንፋሽ ይፈልጋሉ፤ የወንበር ሲጥሲጥታ ሳይቀር። ጊዜው ዞሮ አንተ ጋ መጣ፣ አባዬ፤ አንተ ንቅንቅ ሳትል።

ግጥም ጻፈችበት። ድራመሩ ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ «እህቴ፣ ሰውየው እኮ ይሮጣል!» ብሎ ዱላዎቹን ወረወረ። «እንግዲያው አብረኸው ሩጥ» አልኩት። እየተነጫነጨ ሮጠ። እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም።

ከዚያ ድምፆቹን ማመጣጠን። በናንተ ጊዜ ማይኩ አንድ ስለነበር፣ ያንተ ድምፅ የሌላውን እንዳይውጥ አምስት እርምጃ ወደ በሩ ያርቁህ ነበር። «ዕድሜዬን በር ጠባቂ ሆኜ ነፋሁ» ትል ነበር። እኔ ያንኑ በጣቴ ነው የማደርገው፤ ለዘፋኟ ቦታ ለመልቀቅ አንተን ዝቅ፣ እሷ ስትጨርስ ከፍ። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ ከመጨረሻው ስንኝ በፊት፣ ሁሉንም ዘጋሁ። ከበሮውን፣ ባሱን፣ እሷንም። ትንፋሽህ ብቻ ይሰማል። ረጅሙ። መቶ አስራ አንደኛው። ከበሩ አምጥቼ ማይኩ ፊት አቆምኩህ።

የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ላይ ስምህን ጻፍኩ። ከስሩ የኔን። ስምህ ሁለት ጊዜ ሆነ፤ አንዴ ለብቻው፣ አንዴ ከስሜ ቀጥሎ። ብዙ ሥራ ላይ ስሜ አለ። እንደዚህ ኮርቼበት ግን አላውቅም።

ሳልጠይቅህ ነው ያደረግኩት። ስለዚህ አንተ ሰምተህ እሺ ካላልክ አይወጣም። ድምቢጥም «እሳቸው እምቢ ካሉ እኔም አልዘፈንኩም» ብላለች። በስልክ አልክልህም፤ በዚያች ጠባብ ድምፅ ማውጫ ትንፋሽ አይሰማም። መምጣት አለብህ።

ስቱዲዮው ቦታ ቀይሯል። ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ ከመንገዱ እኩል ያለ ክፍል ይዣለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የላይኛው ይሞቅ ነበር እላለሁ። የመኪናውን ጫጫታ ለማፈን ግድግዳውን በወፍራም ስፖንጅ ሳለብስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ድራመሩ «ስቱዲዮ መንገድ ዳር የሚያወርድ ያበደ ሰው ብቻ ነው» ይለኛል። ይበል። መግቢያው ላይ አንዲት እርከን ነበረች፤ እሷንም በሲሚንቶ አስደልድያታለሁ። መኪና በሩ ድረስ ይደርሳል። ድምፅ ማጉያዎቹ ፊት አንድ ወንበር አለ። እስካሁን ማንንም አላስቀመጥኩበትም።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ትንፋሽህንም። እናቴን ሳምልኝ።

አሁን በር ጠባቂዋ እኔ ነኝ።

ልጅህ