ለአሮጊቷ ጠመንጃ ዝቅ ያለ ቀለበት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህ እንዴት ነው፣ ክረምቱ አልበረታብህም? እማዬስ? በሬዎቹስ? እኔ እንኳን ደህና ነኝ፣ በጣም አምሮብኛል፤ ብታየኝ ልጄ ነው ብለህ አታምንም። ደብዳቤውን የያዘልኝ ወደ አገር የሚገባው ጓደኛዬ አቢሶ ነው። እህቴ ኤርጎጌ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ አንድም ቃል እንዳታስቀሪ።

አባዬ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልንገርህ። አምና በስልክ የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ሆኛለሁ ያልኩህ ውሸት ነበር። ሱቁ እውነት ነው፣ የአዳኞች ጠመንጃ ይሸጥበታል፣ ይጠገንበታል። እኔ ግን ወለል ጠራጊ ነበርኩ። አንተ ደግሞ ገበያ ላይ ላገኘኸው ሰው ሁሉ እንዳወራህ ኤርጎጌ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሳልቀመጥ አልቀርም አልኩ። እኔ እኮ ካልኩ አልኩ ነው!

ባለፈው ወር አለቃዬ ሚስተር ያኮ የአንዲት አሮጊት ጠመንጃ ሰጠኝና፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ግጠምበት፣ ካማረልህ ጠረጴዛው ያንተ ነው፣ ካበላሸህ ወደ መጥረጊያህ አለኝ። ጠመንጃው የሟች ባሏ ነው፤ ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፋ መለስ ስታደርገው ጥይት የሚያጎርስ ዓይነት። መነጽሩ ከላዩ በሁለት ቀለበት ታስሮ ነው የሚቀመጠው። እኔ ከፍ ያለውን ቀለበት መረጥኩ፣ ያምራላ! ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳየው ልክ ዓይኔ ጋ መጣ። በቃ፣ ኮራ ብዬ አስረከብኳት።

በሳምንቱ ታኒ ሄስተር ተመልሳ መጣች፤ እዚህ አሮጊት ታኒ ነው የምትባለው። ቁመቷ ደረቴ ጋ ነው፣ አንገት የሚባል ነገር የላትም። ልጄ፣ ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ አገጬን ሰቅዬ ዋልኩ፣ የመታሁት ሰማዩን ብቻ ነው አለችኝ። ሱቁ በሙሉ ሳቀብኝ። ሚስተር ያኮ መጥረጊያውን በጣቱ አሳየኝ።

እዚያው እንደቆምኩ አንተ ትዝ አልከኝ። ቀንበር ስትጠርብ የበሬውን አንገት ሳትለካ መጥረቢያ አታነሳም። እኔ ጅሉ ደግሞ የሰው ጠመንጃ በራሴ አንገት ለክቼ! ባስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ሚስተር ያኮን ለመንኩት፤ እዚህ አለቃ ባስ ነው የሚባለው። አሮጊቷን አቆምኳትና፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ ያሳርፉ፣ አሁን ይግለጡ አልኳት። ዓይኗ ከመነጽሩ በታች ቀረ። በጣም ዝቅ ያለውን ቀለበት ሳስርላት ደግሞ የመነጽሩ ቂጥ ከኋላ ያለውን መቺ ብረት ሸፈነው። እሱን በአውራ ጣት ካልሳብክ ደግሞ ይህ ጠመንጃ አይተኩስም። ከሱ በጥቂቱ ከፍ የሚለውን አሰርኩና፣ መቺውን ከጎን እንድትስበው ወደ ጎን የወጣች ትንሽ ጆሮ በብሎን ገጠምኩላት። የመነጽሩ የፊት አፍ የጠመንጃውን አፈሙዝ እንዳይነካ በመሀላቸው ወረቀት አሳለፍኩ፣ ሹልክ አለ።

ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሄድን። አባዬ፣ አምስት ጥይት፣ አምስቱም በአንድ ሲኒ አፍ ውስጥ! ታኒ ሄስተር ጉንጬን ሳመችኝ። ሚስተር ያኮ ማን አስተማረህ ሲለኝ አባቴ አልኩት። እሱም ጠመንጃ ይሠራል እንዴ አለኝ። የለም፣ የሱ ደንበኞች በሬዎች ናቸው አልኩት።

ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛው የእኔ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያወራኸውን ውሸት ነበር ብለህ እንዳታስተባብል። አንተ አልዋሸህም፤ ትንሽ ቀድመህ ነው ያወራኸው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ኤርጎጌ ለንባቡ አመሰግናለሁ፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል። ትንሹ ወንድማችን ዱካሞ እንደኔ ትምህርቱን እንዳይተው፣ ጆሮውን ያዙልኝ። ጎረቤታችንን ጋሽ ሽጉጤን ከነቤታቸው ሰላም በሉልኝ።

የሚወድህ ልጅህ ሐዲስ
ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.