በራችን ላይ ያለው ትልቅ ጫማ

ክብርት ነርሳችን፣
እኔ ለሳምንት ወደ ግንባታው ሥራ ሄጃለሁ። ጋዙን መዝጋት አትርሺ።

በራችን ላይ ያስቀመጥኩትን ትልቅ ጫማ አይተሽ «ቀጣፊ!» ብለሽኛል። በሰው አገር በነጻ ልናገለግል የመጣን ሁለት ሴቶች፣ ውስጥ ቦክሰኛ ወንድማችን ተኝቷል ብለን ብናስወራ ምን ነውር አለው? በሬ በቡጢ ጣለ ማለቴ ግን ሳይበዛ አልቀረም፤ ሌባው ቀርቶ ከክሊኒክ ይሸኝሽ የነበረው ዳቦ ጋጋሪም ጫማውን ከሩቅ አይቶ ሸሸ።

በጨለማ ብቻሽን ስትመጪ ከርመሽ አንድ ቃል አትተነፍሺም?
ጎበዝ! እኔ ጠንቋይ ነኝ?

ትናንት ዳቦ ቤት ሄጄ «ቦክሰኛው አገሩ ገባ» ብዬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ስትወጪ ይጠብቅሻል። ስለ ወንድማችን ከጠየቀሽ ትንሽ አልቅሺ።

ጫማውን ግን ዳቦ ጋጋሪው ሳይመጣ ደብቂው።
የራሱ ነው፤ ከደጁ ተውሼው ነው።