ከአንድ ባልዲ ስለተቀዱት ክሬምና ኦፍዋይት

ይድረስ ለዓይን ሕክምና ጣቢያችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ዓይንዎ እንዴት ከርሟል? እኛ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረን ስለ እርስዎ ከመጨነቅ በቀር ደህና ነን።

ለመጻፍ ያበቃኝ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ግድግዳ ነው። ክፍሉ ከተዘጋ አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ አልጋውና መብራቱ ላስቲክ ለብሰው፣ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴዎ ከክሬምና ከኦፍዋይት ቀለም የቱ ይሻላል የሚለውን ታላቅ ጥያቄ እየመረመረ ይገኛል። ስለ ትጋቱ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩. ሁለቱን ናሙናዎች ግድግዳው ላይ የቀባሁት እኔ ነኝ። ኦፍዋይቱ ከገበያ ስለጠፋ፣ የግዢ ኃላፊው «ለጊዜው ያለውን ቀባው» ባሉኝ መሠረት ሁለቱንም ከአንድ ባልዲ ቀድቼ ግራውን አንድ እጅ፣ ቀኙን ሁለት እጅ ቀባሁ። ይህንኑ ላስረዳ የኮሚቴው ስብሰባ ላይ እጄን ባወጣ፣ እርስዎ «ቀቢ ይቀባል እንጂ አስተያየት አይሰጥም» ብለው አሳረፉኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፪. ከዚያ ወዲህ ክሬሙ ሕመምተኛን ያረጋጋል፣ ኦፍዋይቱ ያስከፋል የሚል ባለ አሥራ አራት ገጽ ጥናት ወጣ። ጥናቱን አንብቤ ግድግዳው ላይ ደግሜ አፈጠጥኩ፤ የቀለም ልዩነት አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

፫. ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው፣ ቀጠሮዋ የነበረው ክፍሉ በተዘጋ በሳምንቱ ነው፤ ሌላ የምንሄድበት የለንም። ክር ከጨርቅ ስታመሳስል ተሳስታ የማታውቅ ሴት፣ ባለፈው ወር የደንበኛዋን ነጭ ቀሚስ በጥቁር ክር ዘምዝማ አስረከበች። ደንበኛዋ በጨዋነት አመስግነው ወሰዱ፤ እሷ ግን ከጎረቤት ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ተቀምጣለች። የኮሚቴውን ሥራ ዓይን ያወጣ ንቀት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለዓይን ሕክምና ጣቢያ እንዲህ ያለ ቃል ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ልመናዬ አንድ ነው። ክቡርነትዎ እንደለመዱት ዓይንዎን ጨፍነው አንዱን ይምረጡ፤ እኔ በሁለት ቀን ቀብቼ አስረክባለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴዎ አጭር ስብሰባን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከተረፈችኝ ጥቂት ትዕግሥት ጋር፣

አስተያየት የማይሰጠው ቀቢዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከኮሚቴው አንድ አባል ለትምህርት እንደሄዱ ሰምቻለሁ። በምትካቸው ባለቤቴን እጠቁማለሁ። እሷም እንደ አባላቱ ፊቷ ያለውን ግድግዳ አታይም፤ ከእነሱ የምትለየው አለማየቷን በማወቋ ብቻ ነው።