የሽርጤ ሌባ

ውድ አዛዥ ኤቶሬ፣

ኩኔዮ ከተማ እህትዎ ቤት በሰላም እንደገቡ ፖስተኛው ነገረኝ። ለጡረታ በቁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የተዘጋውን የፖሊስ ጣቢያ ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ ሊያስሩን ስለማይችሉ፣ ሁሉንም ልናዘዝልዎት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት መንደራችን ወንጀል የለባትም ተብሎ ጣቢያው ሊዘጋ፣ እርስዎም ሊዛወሩ እንደነበር ያስታውሳሉ። በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገመድ ጠፋ። ወንጀል ካለ እርስዎ አይሄዱብንም ብዬ የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ቃሌን ሲቀበሉ እንኳ ገመዱ አልጋዬ ሥር ነበር። የአባ ኦሬስቴን ባርኔጣ የደበቁት ራሳቸው አባ ኦሬስቴ ናቸው፤ ቄስ ሲዋሽ እንዴት እንደሚያልበው ያን ቀን አየሁ። ፀጉር አስተካካዩ ቱሊዮም መስተዋቱን አክስቱ ቤት ደብቆ ተዘረፍኩ ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። እርስዎም ሁሉን መዝገብ ላይ እያሰፈሩ፣ ከበላይ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሌባው ገና አልተያዘም ብለው ይመልሱ ነበር። እኛም አዛዡን አሞኘናቸው እያልን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቡና ቤት ተሰብስበን ማን ምን እንደሰረቀ ተናዘዝን። ያኔ ከልብስ ማስጫዬ ላይ የጠፋው ሰማያዊ የማድ ቤት ሽርጤ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም እኔ አልወሰድኩም አለ። ቱሊዮን አየሁት።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? እኔ ሽርጥ አሸርጬ የት ልሄድ?» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ለደወሉ ገመድ አንድ ቀን ብቻ የመረመሩ ሰው፣ ለአንድ አሮጌ ሽርጥ አሥራ አንድ ቀን ተመላለሱ። የልብስ ማስጫዬን ሁለት ጊዜ በሜትር ለኩ። በመጨረሻው ቀን የባቄላ ሾርባዬን አጋምሰው፣ «ወይዘሮ ዴልፊና፣ ይህ ሌባ ፈሪ ነው፤ የሚፈልገውን ትቶ ሌላ ነገር ይወስዳል» አሉኝ። እኔ ሞኟ ሾርባው ያልጣፈጠዎት መስሎኝ ጨው ጨመርኩበት።

ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንደዚያ አሥራ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልነግርዎት ከአንዴም ሁለቴ ተነስቼ፣ መንደሩ ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት።

አሁን ምርመራው በእኔ እጅ ነው፤ አንቱታውም ይብቃ። ኤቶሬ፣ ሽርጡን እዚያው አስቀረው፤ ሌላ ገዝቻለሁ። የተውከውን ልትወስድ ና።

ዴልፊና