የማኅበራችን ድስት ዳግመኛ ተጣደ

እማዬ፣

ካለሽበት ሆነሽ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ "በልተሻል ወይ?" ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። በልቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ምን እንደበላሁና ከማን እጅ እንደጎረስኩ ልነግርሽ ነው። ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ አወራሽ ነበር፤ ኋላ የምነግርሽ ደግ ወሬ ሲያልቅብኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ደግ ወሬ አለኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የተከልሽው ሮማን አፍርቷል፤ የሰፈር ልጆች ግን ሳይበስል ይጨርሱታል። እንዳንቺ በር ላይ ቆሜ እጮህባቸዋለሁ፤ የሚፈራኝ ጠፋ እንጂ። የስፌት መኪናዬን ወደ መንገድ ወደሚያየው ክፍል አዛወርኩት። ከሸዋ በር ገበያ መለስ እያሉ ልብስ ሊያሰፉ የሚገቡት ሴቶች ግድግዳው ላይ ፎቶሽን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡና፣ ወዲያው ደግሞ "ለእናትሽ ነፍስ ብለሽ ቀንሺልን" ይሉኛል። ሞተሽም ደንበኛ ታበላሺብኛለሽ።

ዕቃ ቤት ያለው የማኅበሩ ትልቅ ድስት ግን ማንም ሳይነካው ከረመ። የምነግርሽ ነገር የሱ ነው።

ማኅበሩ እንዴት እንደተጀመረ ስንት ጊዜ አወራሽኝ! ሸዋ በር አትክልት የምትሸጠው ከድጃ ባሏ ሞተባት። ከገጠር ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም ነበር። ክርስቲያኖቹ እድር አለን፤ ሐረሪዎቹ አፎቻ አላቸው፤ ሁሉም የራሱን ሰው ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ሰብሰብ ብሎ ያበላል። ከድጃ ግን የአንዱም አባል አልነበረችም። አንቺ ከአንድ ወገን የምስር ወጥ ይዘሽ ስትገቢ፣ እትዬ ሩሚያ ደግሞ ከግንቡ ውስጥ፣ ከጀጎል፣ የራሳቸውን ምስር ይዘው ገቡ። የተዋወቃችሁት በሷ ደጃፍ ነው። ሁለቱም ወጥ ሥጋ ስላልነበረበት አንድ ትሪ ላይ ቀረበና ሁላችሁም እጃችሁን አንድ ላይ ሰደዳችሁ። የሳቸው ምስር ጨው በዝቶበት ነበር ትዪኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጨው የበዛበት ያንቺው ነው ባይ ናቸው። በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማማችሁም።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ተሰባሰቡ፤ ድስቱም ተገዛ። ደንቡ አጭር ነበር፦ በማኅበሩ ድስት ሥጋ አይሠራም፤ የክርስቲያንም ቢሆን፣ የእስላምም ቢሆን። "ሥጋ ይለያየናል፤ ምስር ግን የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም" ትዪ ነበር። ሌላም ልማድ ነበራችሁ። ወጡ ወጥቶ ትሪው ሲቀርብ አንቺ ለእትዬ ሩሚያ፣ እሳቸውም ላንቺ ሳትጎራረሱ ማንም እጁን አይሰድም። ያ ድስት ስንት አራስ ጠየቀ፣ ስንት የታመመ ቤት አቆመ፣ ስንት ሐዘንተኛ አጽናና! እኔም በልጅነቴ ከእህል ሁሉ የምወደው የማኅበሩን ምስር ነበር።

ከዚያ አንቺ ሞትሽ።

ወንድምሽ ጋሽ ተሰማ፣ ፈጣሪ ይስጣቸውና፣ ለአርባሽ ከጭሮ በሬ አስነድተው መጡ። እህቴ በምስር አትሸኝም አሉ። ማን ይከለክላቸዋል? ከሳቸው ጋር የመጡት ወጥ ሠሪዎች ትልቅ ዕቃ ሲፈልጉ ዕቃ ቤቱን ከፈቱና ያንን ድስት አገኙ። የማን እንደሆነ አላወቁም፤ እኔም ድንኳን ውስጥ ቄሶቹን አስቀምጥ ነበር። ስወጣ የበሬው ሥጋ በማኅበሩ ድስት ይንተከተካል። በዚያው ቅጽበት እትዬ ሩሚያ የጀጎሎቹን ሴቶች አስከትለው በበሩ ገቡ። ድስቱን አዩት። ተቀምጠው አስተዛዘኑኝ፣ ዱዓ አደረጉልሽ፣ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።

ሐዘንተኛን ማን ይወቅሳል? ስለዚህ ነገሩ ሳይነሳ ቀረ፤ የጎዳንም እሱ ነው። በሚቀጥለው ለቅሶ ትሪው ሁለት ሆነ። ከዚያ እያንዳንዷ ከቤቷ በሳህን ቋጥራ መምጣት ጀመረች። ከዚያ መምጣቱም ሳሳ። አንዳንዶቹ "ሳንጣላ በየፊናችን ብንሆን ምን አለበት?" ማለት አመጡ። እማዬ፣ ያለ ጠብ መለያየት ከጠብ ይከፋል፤ ሽማግሌ እንኳ አይላክበትም። ድስቱን በአሸዋ ፈትጌ አብረቀረቅኩት፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። ዕድሜሽን ሙሉ ያቆምሽው ነገር በኔ ዕቃ ቤት ሊሞት ነው እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲበረታ የእትዬ ሩሚያ ግቢ ግንብ ተደረመሰ። ሰው አልነካም፣ ተመስገን። ወሬውን ያመጣችልኝ ከድጃ ናት። እኔ ስኳር ልውሰድ ወይስ ዳቦ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ትክ ብላ አየችኝና፣ "አቦ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እናትሽ ብትኖር ይሄኔ ድስቱ ተጥዶ ነበር" አለችኝ።

ወስጄው ቢመልሱኝስ? የቀረችውን ቀጭን ክር በገዛ እጄ መበጠሴ አይደለም? ይህን እያሰብኩ ድስቱን ባጃጅ ላይ ጫንኩት። ሸዋ በር ላይ ወረድንና እኔና ከድጃ ግራና ቀኝ ጆሮውን ይዘን ወደ ጀጎል ገባን። ጠባቡ መንገድ ላይ ጭነት የያዘች አህያ ብትመጣብን እኛው ግድግዳ ተለጥፈን አሳለፍናት። የሚያየን ሁሉ "ሰርግ ነው?" ይላል። ከድጃ "ኢንሻአላህ!" ትላለች።

ግቢው ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ድንጋይ ይለቅማል። እትዬ ሩሚያ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። አበቃ አልኩ። ትንሽ ቆይተው ውሃና አመድ ይዘው ወጡና በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ድስቱን ማጠብ ጀመሩ። አልዋሽሽም፣ ከፋኝ። ያን ያህል ፈትጌው! ወዲያው ግን ጎናቸውን ለቀቅ አደረጉልኝና እንዲህ አሉኝ፦ "ነይ፣ ልጄ፣ ብቻዬን አላጥበውም። ሸሁን ያኔውኑ ጠይቄ ውሃ ይበቃዋል ብለውኛል። ግን ሐዘንተኛ ቤት ገብቼ ድስት አምጪ ልበልሽ? አንቺ እስክታመጪው ስጠብቅ ነው የከረምኩት።"

እኔ እስኪጠሩኝ፣ እሳቸው እስክመጣ፣ ስንጠባበቅ ዓመቱን ፈጀነው! አንድ ላይ አጠብነው። የሰማች ሁሉ እየመጣች፣ የጀጎሏም የኛ ሰፈሯም፣ እጇን ሳታስነካ አላለፈችም። ከዚያ ምስሩን ሠራን፤ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ትሪው ሲቀርብ ሁሉም ከቦ ቆመ፤ የሚበላ ግን የለም። እኔ ርቦኝ ስለነበር እጄን ልሰድ ስል ከድጃ በክርኗ ጎሸመችኝ። ያኔ ገባኝ። እትዬ ሩሚያ ጠቅልለው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ጉርሻውን ወደኔ ዘረጉ። እማዬ፣ አንቺ በቆምሽበት ቦታ ቆሜ፣ እያለቀስኩ ጎረስኩ። እኔም ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። አላመጡ፣ አላመጡና፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ "ጨው አብዝተሻል፤ ልክ እንደ እናትሽ" አሉኝ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ለካ ጨው የሚበዛበት ያንቺው ነበር!

ድስቱ አሁን እነ እትዬ ሩሚያ ጋ ነው፤ ከድጃ የልጅ ልጅ ስታይ እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ፤ አራስ ጥየቃው ደርሷል። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ስምሽን እጠራለሁ። ጨውንም አልቀንስም።

ልጅሽ ጽጌ