የእድሩ ድንኳን አዋሽ ፓርክ ገባ

ሐሙስ

ቀሪ ይቀጣል ተባለ። ለሽርሽር። አቶ ደበበ፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያዘው ሰው ቢያጣ እኛን ያዘ። አሁን ደግሞ የአገሪቱን ብሔራዊ ፓርኮች በየክልሉ ሊያዞረን ነው፤ በየዓመቱ አንድ። ስሜን በአማራ፣ ባሌ በኦሮሚያ፣ ነጭ ሳርና ማጎ በደቡብ እያለ ደረደረልን። አዋሽ ላይ ሲደርስ፣ የኦሮሚያ ነው የአፋር በሚል ጭቅጭቅ ስብሰባው አለቀ። ክልሎቹ ገና ትናንት የተወለዱ ናቸው። ከደብረ ዘይት አልፈው የማያውቁ ሰዎች ግን ድንበራቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በመጨረሻ፣ የማንም ይሁን፣ ቅርብ ስለሆነ ከአዋሽ ይጀመር አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። ሁሌም ዝም ስለምል እንደተስማማሁ ተቆጠረ።

ስንመለስ ጎረቤቴ ብርቄ፣ “አንቺማ ደስ ይበልሽ እንጂ፤ የተሰማን አገር ልታዪ ነው” አለችኝ። ብርቄ ዝምታ ካገኘች አፏን ትከትበታለች።

ተሰማ ባሌ ነበር። ግማሽ ዕድሜውን የአዋሽ ፓርክ ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ለፈቃድ በመጣ ቁጥር፣ “አንድ ጊዜ እንኳ ነይ፣ ባቡሩ እኮ ደጅሽ ነው” ይለኝ ነበር። ጅብ ከሚጮህበት በረሃ ምን አለኝ እለው ነበር። አንድም ቀን አልሄድኩም።

ዓርብ

መጽሐፍ ስለማነብ አስረጂ ሆኜ ተመርጫለሁ። ሳሪስ መንገድ ዳር የገዛሁት የዱር አራዊት መጽሐፍ አለኝ። ዋልያውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ የነጭ ሳርን የሜዳ አህያ በቃሌ እወጣዋለሁ። አዋሽ ያለበትን ምዕራፍ ግን እዘለዋለሁ። ዛሬ ልከፍተው አወጣሁትና ጎመን ስከትፍ ዋልኩ።

አውቶቡሱ ላይ የሚጫነውን ሰማሁ። ትልልቁ ድስት፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ የውሃው በርሜል፣ ድንኳኑ። ድንኳኑ ለምን ብዬ ጠየቅሁ።

“እትዬ፣ በረሃ እኮ ነው። ጥላ ያስፈልጋል” አለ አቶ ደበበ፣ በረሃ ተወልዶ ያደገ ይመስል።

እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው መሄድ የሚያውቁት ለቅሶ ብቻ ነው። ሽርሽርም ቢሉ ለቅሶውን ጭነው ይሄዳሉ።

የታመመ ሰው ከቅጣት ነፃ ነው። ማታ ብርቄ ስትመጣ አሞኛል ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ቅዳሜ

ናዝሬት ሳንደርስ ስንቁ አለቀ። መተሐራ ላይ ሐይቁን አይተው ባሕር ነው አይደለም ተባባሉ። ፓርኩ እንደገባን አንድ ሳላ ቀንዱን ቀጥ አድርጎ ቆሞ አየን።

“ፍየል ናት” አለች አንዷ።

“ቢታረድ ለስንት ሰው ይበቃል?” አለች ብርቄ።

“ሳላ ነው” አልኩ። “ከጎን ሲታይ አንድ ቀንድ ያለው ይመስላል።” ይህን ያነበብኩት አይደለም። ተሰማ ሲያወራ ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛ ነበር፤ ለካ እሰማው ኖሯል።

መግቢያው አጠገብ፣ ግራር ስር፣ ድንኳኑ ተተከለ። ሴቶቹ ለፀሐዩ ነጠላቸውን ተከናንበው በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ መጣ። ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደገፈ፣ ቆቡን አወለቀ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?” አለ።

ሳቁ ፈነዳ። አቶ ደበበ እንኳ እንባውን ጠረገ።

“ኧረ አባባ፣ ሽርሽር ነው” አለች ብርቄ። መቼም እዚያ ላይ አትቆምም፤ “የሞተስ የእሷ ባል ነው። እዚሁ ዘበኛ የነበረው ተሰማ። እሱም ቆየ።”

ሰውየው ተነሣ። “ተሰማ ሞተ?”

መንግሥት ሲለወጥ ዘበኞቹ ተበታትነው ነበር። እሱ ሲመለስ ተሰማን አጣው፣ አገሩ ገብቷል አሉት። ታሞ እኔ ዘንድ መጥቶ እንደሞተ የነገረው የለም። ተመልሶ ተቀመጠና አለቀሰ። ከእኛ መሃል አሁን የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “እርስዎ ነዎት እንዴ፣ እትዬ? ለምን አታመጣትም ስንለው፣ ሕመም ከአልጋ አላስነሣት አለ፣ ሲሻላት ትመጣለች ይለን ነበር። ተሻለዎት ወይ?”

እኔ ከአልጋ ውዬ አላውቅም። ብርቄ ይህን ታውቃለች። አፏን ከፈተች፤ አየችኝ፤ ዘጋችው።

“ተሽሎኛል” አልኩት።

“እሰይ፣ ተመስገን” አለ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ ደበበ ለከርሞ ነጭ ሳር ነው አለ። ድንኳኑ ይቅር፣ አሳፈረን ያሉ ነበሩ። ይጫን አልኩ። ድምፄን ሰምተው ስለማያውቁ ሁሉም ዞሩ።

የአዋሽን ምዕራፍ አነበብኩ። ከሦስት ገጽ አያልፍም። የጻፈው ሰው ስለ ፏፏቴው ብዙ ይራቀቃል፤ ስለ ዘበኞቹ አንድ ቃል የለውም።

አመሻሽ ላይ ብርቄ ብቅ አለች። በር ላይ ቆማ፣ “እንዴት ነሽ፣ ተሻለሽ?” አለችኝ። ስታሾፍ ይሁን ከልቧ፣ ፊቷን ባየው አልለይ አለኝ።

“ትንሽ” አልኳት።