ከሦስቱ አንዱን መስሎኝ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ገበያ የለም። ከሰዓት በኋላ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ሦስት ፍራሽ ላይ ተራ በተራ ተጋደሙ፣ ሦስተኛው ላይ ባልየው እንቅልፍ ወሰደው። ሚስትየዋ ወንበር ስባ እስኪነቃ ጠበቀችው። ሳይገዙ ሄዱ። ጋሼ ስፕሪንግ ተናደዱ። የሱቁ ባለቤት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ደንበኛ በር ላይ ሲያዩ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ነው የሚነሱት።

ቤት ስገባ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ሽንት ቤት ውስጥ እየዘፈኑ ነበር። እኛ ቤት ሽንት ቤት የገባ ሁሉ ይዘፍናል። ቁልፉን ላድሰው ብዬ የፈታሁት... መቼ ነበር? አማቴ እኛ ጋ ሳይመጡ ነው። በሩ አይቆለፍም፤ ስለዚህ ድምፅ ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ሚስቴ ታንጎራጉራለች። ልጄ የትምህርት ቤት መዝሙር ትጀምርና ግማሽ ላይ ትተወዋለች። እኔ አፏጫለሁ። ለእንግዳ ማስረዳት ይከብዳል።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ልጄ ዋና አቆመች። አሠልጣኙ "ይቺ ልጅ ዓሣ ናት" ያለላት ልጅ... ገና መጀመሯ ነበር።

"ለምን?"

"ሰለቸኝ።"

ሚስቴ ከማዕድ ቤት፣ "የአባቷ ልጅ" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሰማሁ። ልጄም ሰማች። ዞር ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ አንተ ግን ጨርሰህ የምታውቀው ነገር ምንድን ነው?"

ልታላግጥ አይደለም። ማወቅ ፈልጋ ነው። እሱ ነው የባሰው።

አሰብኩ። በረንዳው ግማሹ ንጣፍ፣ ግማሹ ሲሚንቶ ነው። ጊታሩ ሁለት ክር ቀርቶታል። የማታ ትምህርቱ... እሱስ ይቅር። ምግብ እስኪቀርብ ድረስ አሰብኩ። በመጨረሻ "እራቴን" አልኳት። ማንም አልሳቀም።

ዓርብ፣ ጥር 9

ቀኑን ሙሉ ያ ጥያቄ ከሆዴ አልወጣ አለኝ። እኔስ እሺ፣ እንዲህ ሆኜ አረጀሁ። እሷ ግን ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከእኔ የምትወርሰው ይሄ ከሆነ...

ከሥራ ስመለስ የአንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ የውድድር ማስታወቂያ አየሁ። ትራያትሎን ይላል። ሦስት ሥዕል አለው፤ የሚዋኝ ሰው፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ የሚሮጥ ሰው። ሩጫ ይሻለኛል አልኩ፤ ቢያንስ እግር አለኝ። እዚያው ገብቼ ተመዘገብኩ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። "ከጨረስኩ ወደ ዋናሽ ትመለሻለሽ?"

ጥቂት አሰበች። "ከጨረስክ።"

ተጨባበጥን። እጇ ትንሽ ነው፣ ግን አጨባበጧ የዳኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሦስቱንም ነው።

ደረቴ ላይ የምለጥፈውን ቁጥር ልወስድ ሄጄ ነው የሰማሁት። መዝጋቢዋ ሴት፣ "ብስክሌትህን በዋዜማው ታስረክባለህ" አለችኝ።

"እኔ ሩጫውን ነው የመረጥኩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ምርጫ የለውም እኮ። ሦስቱንም ነው።"

"በአንድ ቀን?"

"በተከታታይ።"

"በመሃል ትንሽ አረፍ..."

"በመሃል ልብስ መቀየር ትችላለህ።"

ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ለደንበኛ ሦስት ፍራሽ አሳያለሁ፣ አንዱን ይመርጣል። ሦስቱንም ተሸክሞ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ዋና አልችልም። ልተወው? ለልጄ ነግሬያታለሁ... ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ልጄ ዋና እያስተማረችኝ ነው። ፍራሽ ላይ። ገንዳው ውስጥ አንዴ ገብቼ ስለነበር "በመጀመሪያ ደረቅ ላይ ይሻልሃል" አለችኝ፤ በትህትና ነው የተናገረችው። ሱቁ ውስጥ ትልቁ ፍራሽ ላይ በሆዴ እተኛለሁ፣ እጄን አወናጭፋለሁ፣ እግሬን እመታለሁ። እሷ ራስጌ ቆማ ታዛለች።

"ጭንቅላትህን ወደ ጎን። ተንፍስ። አባዬ፣ አትተኛ።"

አንድ ሰውዬ ገብቶ ብዙ ቆሞ አየኝ። "ምን እየሆነ ነው?" ሲል ጋሼ ስፕሪንግ ተፈናጥረው ተነሱ። "ጥንካሬውን እየሞከርን ነው። ይኸው፣ ምንም አልሆነም።" ሰውዬው ገዛው። አሁን ጋሼ በየቀኑ መስኮቱ አጠገብ እንድዋኝ ይፈልጋሉ።

ልጄ ስታስተምር ድምጿ ሌላ ነው። ሰለቸኝ ያለች ልጅ አትመስልም። ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ብስክሌት አገኘሁ። የሱቁን፣ ፍራሽ የምናደርስበትን። ከኋላው እንደ አልጋ የሰፋ መጫኛ አለው። ጋሼ አዋሱኝ፣ ግን የሱቁ ስም የተጻፈበት ትራስ ጀርባዬ ላይ አስሬ እንድወዳደር ነው።

"ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው?"

"ውሃው ውስጥም። እዚያ ነው ሰው ከጀርባ የሚያይህ።"

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የምንዋኝበት ሐይቅ ሸሽቷል አሉ። ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ውድድሩ ግን አይቀርም። ስለ ውሃው ፊቴ ላይ ሐዘን ለማሳየት ሞከርኩ።

አማቴ ሰሙ። "አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ዋና ግን አይችልም" አሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ውድድሩ ነገ ነው። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ ነው። ፍራሽ ሻጭ እንቅልፍ ሲያጣ ለማን ይናገራል?

ሰኞ፣ የካቲት 24

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም ብዕሩን የያዝኩት በሁለት እጄ ነው። ግን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሐይቁ ዳር ተሰለፍን። ሁሉም የዋና ቆብና መነጽር አድርጓል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፤ ከዚያ በታች ጭቃ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ በእግሩ መሄድ ሲጀምር ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ሲናገር እንኳን ፊሽካውን ከአፉ የማያወጣ ዳኛ ነው።

"መቆም ክልክል ነው። ይሄ ዋና ነው። የቆመ ወደ መነሻው ይመለሳል።"

ስለዚህ ተኛን። ያ ሁሉ ሰው በሆዱ ጭቃ ላይ ተኝቶ በእጁ እየቧጠጠ ሄደ። ዋናተኞቹ ግራ ገባቸው። እነሱ የለመዱት ውሃ ነው። እኔ ግን... ልክ እንደ ፍራሹ ነበር። ጭንቅላት ወደ ጎን፣ ተንፍስ፣ አትተኛ። በሕይወቴ ሰው ቀድሜ አላውቅም፤ ትናንት ትከሻው እንደ በር የሰፋ ዋናተኛ ቀደምኩ። "ማነው ያሠለጠነህ?" አለኝ ጭቃ እየተፋ። "ልጄ" አልኩት። ኩራቴን ዋጥ ማድረግ አልቻልኩም።

ትራሱ ግን ሐይቁን ጠጣው። የቀረችውን ውሃ ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ የወጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስወጣ ሦስት ሰው ቀደመኝ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

ብስክሌቱ። ነፋሱ ከፊት ለፊት። አቧራው የፊት ጎማዬን ደበቀብኝ። ያ ሰፊ መጫኛ ነፋሱን እየያዘ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳል እየመታሁ ቆሜ ቀረሁ። ቁልቁለት ላይ። አንድ ውሻ በእግሩ አለፈኝ፣ ዞር ብሎም አላየኝ።

ዳገቱ ሥር አንዲት ሴት ብስክሌቷን እየገፋች አገኘሁ። ጆሮዋ ላይ የስልክ ማዳመጫ አለ፣ እየጮኸች ታወራለች። አዋላጅ ናት። ተረኛ አልነበረችም፣ ግን ወላዷ ከእሷ ሌላ አላምንም ብላ በስልክ ይዛታለች።

"ተንፍሺ። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ አውጪ። ቀስ። ጎበዝ።"

እኔም ሳብኩ፣ አወጣሁ። ተሻለኝ።

"እንዳትገፊ። ገና ነው።"

ብስክሌቴን መግፋት አቆምኩ። አየችኝ።

"አንተን አይደለም።"

"ግን እየረዳኝ ነው።"

"እንግዲያው ተከተለኝ" አለችና ቀጠለች።

ዳገቱን እንዲህ ጨረስነው፤ ወላዷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ አዋላጇ በመሃል። ጫፉ ላይ ስንደርስ "አሁን፣ አሁን፣ በርቺ" አለች፣ እኔም በረታሁ። ከዚያ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘችው። "ሴት ናት" አለችኝ። አቧራ በልቶን፣ ሁለታችንም እዚያ ነፋስ ላይ ቆመን አለቀስን። እሷ ለምን እንዳለቀሰች ይገባኛል። እኔን ግን ምን ነካኝ?

ከዚያ ብስክሌቷን አዞረች። "እኔ እዚህ አበቃሁ፤ ሄጄ ልያቸው። አንተ ግን ጨርስ።" በዚያ ነፋስ እየተገፋች እንደ ወፍ ወረደች።

ሩጫው... ሩጫ ልበለው እንጂ። ትራሱ ደርቆ ነበር፣ ግን ገመዱ ላላና እግሬ መሃል እየገባ ያደናቅፈኝ ጀመር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ውሃ የሚያድለው ሰውዬ ኩባያዎቹን ነፋስ ወስዶበት በመዳፉ አጠጣኝ። "ከኋላህ ሰው አለ?" አለኝ። "የለም።" "ተመስገን" ብሎ ጠረጴዛውን አጠፈ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያቋረጡትን የምትሰበስበው ፒክአፕ አጠገቤ መጣች። ውስጥ ያሉት ብርድ ልብስ ለብሰዋል። ያ ትከሻ ሰፊው ዋናተኛም አለ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ግባ ወንድሜ። ይሞቃል።"

"እየጨረስኩ ነው።"

"ሰዓቱ እኮ አልፏል። የመጨረሻውን በር እያነሱት ነው። ምኑን ትጨርሳለህ?"

ድንጋይ ላይ ትራሱን አድርጌ ተቀመጥኩ። የማውቀው ስሜት መጣ... ያ "በቃ፣ ይሄም አይደለም" የሚለው። በረንዳው ላይ መጥቶብኛል፣ ጊታሩ ላይ መጥቶብኛል። ሁልጊዜ ሲመጣ ደስ ይላል፤ እንደ እንቅልፍ ነው። ትናንት ግን ቤት ስገባ ልጄ ፊት ምን ብዬ እንደምቆም አሰብኩ። ምንም አትለኝም። እሱ ነው የጨነቀኝ። ምንም ሳትለኝ፣ ልክ ነበርኩ ብላ ትተኛለች።

ተነሳሁ።

ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ፣ "እንግዲያው ትራሱን ስጠኝ፤ ወገቤ አልቋል" አለኝ። ሰጠሁት። ጋሼ ምን እንደሚሉኝ አላሰብኩም። ፒክአፗ ቀስ እያለች ከፊቴ ሄደች፣ እኔ ከኋላ።

በሩ ማለት ያ በአየር የሚነፋው፣ "መጨረሻ" የሚል የተጻፈበት ነው። አየር የሚሞላውን ሞተር ባለቤቱ ሰዓቱ ሞላ ብሎ ይዞት ሄዷል። ስደርስ በሩ ተንፍሷል፣ ግን አልወደቀም። በአንድ በኩል ሚስቴ በመጥረጊያ እንጨት ደግፋዋለች። በሌላ በኩል ጋሼ ስፕሪንግ በጭንቅላታቸው። አማቴ መሃል ላይ በጃንጥላ ወደ ላይ ይገፉታል። ሁለት የጉልበት ሠራተኞች አጠገባቸው ቆመው ይለምናሉ።

"እማማ፣ እባክዎ፣ መኪናው ጥሎን ይሄዳል።"

"ይሂድ።"

"ሰው አልቋል እኮ እማማ።"

"የእኛ አላለቀም" አሉ አማቴ።

ልጄ ከፊት ቆማለች። አቧራው ስላስቸገራት የዋና መነጽሯን አድርጋለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ጨርቁን በእጇ ከፍ አደረገችልኝና "ጎንበስ በል አባዬ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከኋላዬ በሩ ሁላችንም ላይ ወደቀ።

ጨርቁ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ ጠየቅኳት። "ደከመሽ?"

"በጣም።"

"ታዲያ ለምን ወደ ቤት አልሄድሽም?"

"እየመጣህ ነበራ።"

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ውጤቱ ተለጠፈ። ከስሜ ፊት "አልጨረሰም" ይላል። ከሰዓት ውጭ የመጣ አይቆጠርም። ባለፊሽካው ዳኛ ጋ ሄጄ በበሩ ማለፌን ነገርኩት። "በሩ ተንፍሶ ነበር" አለኝ።

ልጄን ይዤያት ነበር የሄድኩት። ቆማ አነበበችው። ውላችን ውል ነው፤ አላስገድዳትም ብዬ ቆረጥኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ "የዋና ቦርሳዬን የት ነው ያደረግከው?" አለችኝ።

"ወረቀቱ እኮ..."

"እነሱ ሄደው ነበር" አለች። "እኔ ነበርኩ።"

እሑድ፣ መጋቢት 7

ዛሬ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ገጠምኩ። አንድ ብሎን ጠፍቶብኝ ሱቅ ሄጄ ገዛሁ፣ ተመለስኩ፣ ገጠምኩ። በመሃል ያ ስሜት መጣ፤ ቡና ልጠጣና ነገ... ብሎኑን አጠበቅኩት፣ ሄደ። በረንዳው ገና ነው።

ለመሞከር ገባሁና ቆለፍኩ። ቁጭ አልኩ። ዝምታ። እንዲህ ያለ ፀጥታ ቤታችን ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ናቸው።

"ልጄ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም አልሆንኩም እማማ።"

"ታዲያ ለምን አታፏጭም?"

ከሰዓት በኋላ ልጄ ከዋና መጣች። ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ይንጠባጠባል፣ ሰለቸኝ ትላለች፣ ማክሰኞ ደግሞ ትሄዳለች። ቀጥታ ሽንት ቤት ገባች። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ መዝሙሯን ጀመረች።

ሁልጊዜ የምትተወው ቦታ ደረሰች። ሚስቴ ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። አማቴ ወሬያቸውን አቆሙ። እኔ ብሎን መፍቻውን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ።

አለፈችው። ለካ መዝሙሩ ሌላ ግማሽ አለው።